ከበደኝ ያለ ይውረድ

ሸዋወርቅ የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አንገቷ ላይ ካሰረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ያሰረችው ከማተቧ ጋር በአንድ ክር ነው። የንስሐ አባቷ አንድ ጊዜ፣ የክርስትና ምልክትና የድስት ቁልፍ አብሮ አይንጠለጠልም ብለው ሊገሥጿት ሞክረው ነበር። እሷም ሁለቱም የሚፈቱት ስሞት ነው ብላ መልሳ አሳቀቻቸው፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

አንኮበር ላይ፣ ከጎረቤላ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት የሰፈረው የላይ ሰፈር ሕዝብ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቄስ አይደለም፤ ወደ ሸዋወርቅ ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቶቹ፣ ሳህኑና ኩባያው፣ አግዳሚው ሁሉ በእሷ እጅ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ አለመቁጠሯንም እንደ ነውር አይታው አታውቅም። የትኛው ሳህን ጠርዙ እንደተላጠ፣ የትኛው ድስት ጆሮው እንደላላ፣ በማን ለቅሶ፣ በማን እጅ እንደላላ ጭምር ታውቃለች። እኔ አላላላሁትም ብሎ የሚከራከራት ሰው ከመጣ፣ የሟቹን ስም፣ የዚያን ቀን የተበላውን ወጥና ተከራካሪው ስንት ጊዜ እንዳስጨመረ ነግራ ትሸኘዋለች።

ሥራው ግን ከባድ ነበር። ይህንን እዚህ ላይ እኛ የምንናገርላት እሷ መናገር ስለማትችል ነው። የማትችልበትም ምክንያት አለው።

እድሩ በተቋቋመ ሰሞን ወልደአረጋይ የሚባል ዳኛ ነበር ይባላል። ይህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው፣ ሹመቱ ከበደኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ፣ እንቅልፍ ነሣኝ እያለ ያላዝናል። እንግዲያው ውረድ ሲሉት ደግሞ አይወርድም። አባቶች መስማት ሲሰለቻቸው በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ሹመቴ ከበደኝ ብሎ በጉባኤ ፊት የተናገረ ሹም በዚያው ዕለት ይወርዳል፣ ተመልሶም አይሾምም የሚል። ወልደአረጋይ አንቀጹን ራሱ ፈርሞበት፣ በወሩ ረስቶት ከበደኝ አለና ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በላይ ሰፈር እድር ሹመት ከብዶት የሚያውቅ ሰው የለም።

ዳኛው በየወሩ ሹሞቹን እየዞረ፣ ሹመቱ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አንድ ነው፤ ቀላል ነው፣ ተመስገን። ጥሩንባ ነፊው ባየው በውርጭ ሦስት ዳገት ወጥቶ ወርዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ሳል ደረቱን እየናጠው፣ ቀላል ነው ይላል። ጸሐፊው እሱባለው የቀሪዎችን ስም በመዝገቡ፣ ኩርፊያቸውን በሆዱ ይዞ፣ ቀላል ነው ይላል። ሸዋወርቅም ቀላል ነው ትላለች። ክረምት ሲገባ ያ ድንኳን አይደርቅም፤ ጠዋት ስታሰጣው ከገደሉ ስር ጉም ይወጣና የባሰ አርጥቦላት ይመለሳል። ድስቱ ሩዝ ተጣብቆበት፣ ቂጡ ጠቁሮ ይመጣል፤ ያመጣው ሰው ሐዘንተኛ ነኝና አላጠብሁም ይላታል፤ ሐዘንተኛን ደግሞ ምን ይሉታል። ጉልበቷ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ዓይነት፣ ስትወርድ ሌላ ዓይነት ይጠዘጥዛታል። ቀላል ነው፣ ተመስገን።

በየካቲት የልጅ ልጇ ፀደንያ፣ ደብረ ብርሃን ሕግ የምትማረው፣ ቅዳሜ በሚኒባስ መጣችና ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ማጥናት ጀመረች። በእንግሊዝኛው መሀል አንድ ቃል ይመላለሳል። ሸዋወርቅ ድስት እየፈገፈገች ጆሮዋን ጣለች።

«ምንድን ነው እሱ፣ ኦነረስ ኦነረስ የምትይው?»

«ስለ ግዴታ ነው እምዬ። ሰው ላይ የተጣለ ግዴታ ለተሸካሚው የሚከብድ ሲሆን ኦነረስ ነው ይባላል።»

«እንጨትም ሲከብድ?»

«ለእንጨትስ አይባልም። ኃላፊነት፣ ሹመት፣ ውል፤ እንዲህ ላለ ነገር ነው።»

ሸዋወርቅ መፈግፈጓን አቆመች። «እንግሊዞችም እድር አላቸዋ» አለች።

ፀደንያ ሳቀች፤ ሸዋወርቅ ግን ቀልዷን አልነበረም። ሰዎቹ ለእንጨት ሌላ፣ ለሹመት ሌላ ቃል ማውጣታቸው ትልቅ ብልሃት ሆኖ ታየት። ሸክም የተሸከመ ሰው እኮ ማውረድ ይችላል፤ ሹመት የተሸከመ ምን ላይ ያወርደዋል? ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ልጅቱ ሰኞ ወደ ትምህርቷ ስትመለስ፣ አሮጊቷ ቃሉን ይዛ ቀረች። ድንኳን ስታሰጣ ትለዋለች፣ ዳገት ስትወጣ ትለዋለች፤ ባለችው ቁጥር ጉልበቷ ትንሽ የታሸላት ይመስላታል። የእድሩ ደንብ ስለዚህ ቃል የሚለው አንድም ነገር የለም። ይህንን አስባበታለች፤ አላሰበችበትም ብሎ የሚከራከርላት ካለ ሸዋወርቅን አያውቃትም።

በመጋቢት ስብሰባ ዳኛው ገብረጻድቅ እንደ ወትሮው ጠየቃት። «እመት ሸዋወርቅ፣ ሹመቱ እንዴት ነው?»

«ኦነረስ ነው» አለች።

«ተመስገን» አለ ገብረጻድቅ፤ እሱ የሚሰማው መልሱን ሳይሆን ድምፁን ነው። እሱባለው መዝገቡ ላይ ጻፈው። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀም፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ፊደል ያልቆጠረች ሴትን የቃል ፍቺ ይጠይቃል?

ባየው ግን ጠየቀ። መንገድ ላይ ጠብቆ፣ እትዬ ሸዋወርቅ ያቺ ያሏት ነገር ምንድን ናት ቢላት፣ ሳትደብቅ ነገረችው። እስኪያስለው ሳቀ፤ ካሳለው በኋላ ደግሞ እንደገና ሳቀ። በሚያዝያ ስብሰባ ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ቆመና፣ ኦነረስ ነው፣ እጅግ ነው ኦነረስ አለ፤ ሲቀመጥ ፊቱ ገላውን ታጥቦ እንደወጣ ሰው በርቶ ነበር። በግንቦት እሱባለውም ቃሉን አለው። በሰኔ ገብረጻድቅ ራሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው ስብሰባውን ሲከፍት፣ የእኔስ ሹመት ቢሆን ኦነረስ አይደለም ትላላችሁ ወይ ብሎ ጀመረና ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ቃሉ ወደ መንደር ወረደ። ባሎች የአማት ጥየቃን ኦነረስ አሉት፤ ሚስቶች ባሎችን። ሸዋወርቅ ይሄ መረን የለቀቀ አነጋገር አልወደደችውም። ገበያ ላይ አንዱ የገብስ ጆንያ እየተሸከመ ኦነረስ ነው ሲል ሰምታ አስቆመችው። «ገብስ ነው የተሸከምከው። ከባድ በል። ኦነረስ የሚባለው ሹመት ነው፤ አንተን ማን ሾመህ?» አለችው። ሰውየው ከነጆንያው ይቅርታ ጠየቀ።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ያልሳቀች ሴት ነበረች፤ አስናቀች። አስናቀች በጥር ልጇን ስትድር ከእድሩ ሁለቱን ትልልቅ ድስቶች ለምና፣ ሸዋወርቅ የሐዘን ድስት ሰርግ ቤት አይገባም ብላ ከልክላታለች። መከልከሉ ባልከፋ፤ አንቺ ሰርግሽን ከነጠላሽ ዘግይተሽ ነው የምትደግሺው ብላ አክላባታለች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ማንም ባያውቅም ሁሉም ስቋል። አስናቀች በዚያን ቀን፣ ያ ቁልፍ ሌላ አንገት ያያል ብላ ምላለች። አሁን ልጇ በስልክ የቃሉን ፍቺ ፈልጋ ሰጠቻት።

በሐምሌ ስብሰባ ገና ጸሎቱ እንዳበቃ አስናቀች ተነሣች። የእድሩ አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ስልክ ውስጡ አይሠራም። ደጃፉ ላይ ወጥታ፣ እጇን ወደ ጉሙ ዘርግታ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ስትል ቆይታ መስመር አገኘች። ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ቃሉን በእንግሊዝኛ አለውና፣ አስከትሎ በተኮላተፈ አማርኛ፣ ከባድ፣ ሸክም የሆነ አለ።

«ሰማችሁ አይደል» አለች ተመልሳ ገብታ። «ከበደኝ ማለት ነው። ሸዋወርቅ ከመጋቢት ጀምሮ ከበደኝ ስትለን ነው የከረመችው። ደንቡ ይነበብ።»

ገብረጻድቅ ባለፈው ወር የተናገረው ግማሽ ሰዓት ትዝ ብሎት ግንባሩን ጠረገ። እሱባለውን አየው፤ እሱባለው መዝገቡን አየ፤ ሁሉም በገዛ እጁ ጽሕፈት ተጽፏል። ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣና፣ ደንቡ የተጻፈው በአማርኛ ስለሆነ በሌላ ቋንቋ የተባለ ነገር አይቆጠርም ለማለት ይቻላል አለ። ሹሞቹ ተነፈሱ።

«በግዕዝ የተሰደበ አልተሰደበም?» አለች አስናቀች።

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ገብረጻድቅም ነገሩ ሳይሰፋ ወደ ሸዋወርቅ ዞረ፤ ድምፁ የታመመ ሰው የሚያስታምም ይመስል ነበር።

«እመት ሸዋወርቅ፣ መጀመሪያ ያሉት እርስዎ ነዎት። እንዲያው ለጨዋታ ብለውት ከሆነ፣ ለጨዋታ ነው ይበሉና እንለፈው።»

ከጎኑ ባየው፣ በዪው በዪው እንደሚል ሰው፣ አገጩን ወደ ታች ወደ ላይ ያደርጋል።

ሸዋወርቅ አፏን ልትከፍት ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ ለጨዋታ ነው። ካላለችው ምን እንደሚመጣ ታውቃለች። ከነገ ወዲያ ሰው ሲሞት፣ ድንኳኑ ጥግ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጣ ሳህን ይሰጧታል፤ እሷም ሳህኑ በማን ለቅሶ እንደተላጠ እያሰበች ትበላለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ፀደንያም ከተማ ናት። በማለዳ በሯ ከተንኳኳ የሚንኳኳው ለቁልፉ ነው። ሆኖም አፏን ስትከፍት ቃሉ አልወጣ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ አዳራሽ ቀላል ነው እያለች በየወሩ ዋሽታለች፤ አንድም ቀን አልተቀጣችም። እውነት የተናገረችው እንግሊዝኛ ሲገኝ ብቻ ነው። ያቺንም ዛሬ ልትበላት?

«ለጨዋታ አይደለም» አለች። «ከበደኝ ማለቴ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የከበደኝ። በባዕድ ቃል ያልሁት ቁልፉን ላለመስጠት ነው፤ ተንኮል ነው፣ የራሴ ተንኮል ነው። በል ጻፈው።»

ቁልፉን ለመፍታት ጊዜ ወሰደ። ቋጠሮው ሃያ ሁለት ዓመት ላብ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። እሱባለው ምላጭ ቢያመጣ፣ ማተቤን ምላጭ አታስነካም ብላ መለሰችው። በጥፍሯ ፈልቅቃ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ባየው ትንሽ ተቁነጠነጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጥሩንባውን ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጠ። «እንግዲያማ እኔም ማለቴ እሱ ነበር» አለ። እሱባለው መዝገቡን ዘጋ፣ እስክሪፕቶውን በላዩ አጋደመ። ገብረጻድቅ ሦስቱን ዕቃዎች ተራ በተራ አየና፣ ከዳኛው ወንበር ተነሥቶ ከአባላቱ መሀል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከጠረጴዛው ኋላ ማንም አልቀረም።

«በሉ ቁልፉን ስጡኝ» አለች አስናቀች።

«ማን ይስጥሽ?» አለ ገብረጻድቅ ከአግዳሚው። «የሚሾመው ዳኛ ነው።»

«ዳኛ ምረጡ እንግዲያ።»

ምርጫው ተጀመረ። አንዱን ቢጠቁሙት ጆሮዬ አይሰማም አለ፤ ቀስ ብለው ቢጠሩት ግን ዞሮ አይቷል። ሌላው ደብረ ሲና የጀመርሁት ጉዳይ አለኝ አለ። ሦስተኛው ለሚስቱ ሳይነግር ሹመት እንደማይቀበል አስታወቀ፤ ሚስቱ ከጎኑ ተቀምጣለች። ሹመት ቀላል ነው ሲባል ለኖረ ሕዝብ፣ አራት ሹም በአንድ ቀን ከበደን ሲል ማየት አስደንጋጭ ነገር ነው። ጠቋሚ እንጂ ተጠቋሚ ጠፋ።

አንዱ ሲሰለቸው ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ። እሱባለው ከልማድ የተነሣ፣ ጉባኤው ሳይዘጋ የወጣ አንድ ሸክም እንጨት ይቀጣል አለ። ሰውየው፣ እና ዝጉታ አለ። የሚዘጋው ዳኛ ነው ተባለ። ሰውየው ወደ ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ።

ስለዚህ ተቀመጡ። ጉሙ በበሩ ገብቶ እግር እግራቸውን ይዞራል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። አንዱ ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ ሁሉም እንዳየው ሲያውቅ መለሰው። ከታች፣ ከቤቶቹ በኩል፣ የአንዲት ላም ድምፅ መጣ።

«ያንቺ ናት» አለች ሸዋወርቅ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ» አለች አስናቀች።

«ጡቷ ሞልቶ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

ላሚቱ ደግማ ጮኸች። አስናቀች አግዳሚው ላይ ወዲያ ወዲህ አለችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሯን ጠየቀች። «እውነት እንዲህ ከብዶሽ ከሆነ ምን አስያዘሽ፣ እትዬ ሸዋወርቅ? ብትሰጪኝና ብታርፊ አይሻልሽም ነበር?»

«ካረፍሁ ማን ያንኳኳልኛል?» አለች ሸዋወርቅ።

አስናቀች ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው። እሷም ባለፈው ዓመት ነው ባሏን የቀበረችው፤ ልጇን ድራ ከሸኘች ወዲህ ቤቷ ውስጥ የምትናገረው ለላሚቱ ብቻ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ላሚቱ ስትጮህ ተነሣች።

«ያ አንቀጽ ይሰረዝ» አለች።

በማን ሥልጣን ይሰረዛል የሚል ነገር ተነሣ። እሱባለው ደንቡን ገልጦ፣ ደንብ የሚሻረው በዳኛ ሳይሆን በአባላት እጅ እንደሆነ አነበበ። ተነብቦ ሳያልቅ እጆች ወጡ፤ ቆሎ የደበቀው ሰው ሁለቱንም አወጣ። ወልደአረጋይን ያወረደው አንቀጽ ወረደ። ገብረጻድቅ ወንበሩ ላይ የተመለሰበት ፍጥነት ለከበደው ሰው የሚገባ አልነበረም። ባየው ጥሩንባውን በሸሚዙ እጅጌ ወልውሎ አቀፈው።

ቁልፉን ያነሣችው አስናቀች ናት። እጇ ላይ ትንሽ አቆየችውና ለሸዋወርቅ ዘረጋችላት።

«ድስቱን ግን አልረሳሁም» አለች።

«አትርሺ። ድንኳኑን በሁለት ሰው ነው የምናጥፈው ከእንግዲህ፤ ስናጥፍ ታስታውሺኛለሽ።»

«ሁለተኛዋ እኔ ነኝ?»

«ሹመት ስትፈልጊ አልነበር?»

አዳራሹ ሳቀ፤ አስናቀችም እንዳይታወቅባት ወደ በሩ ዞራ ሳቀች። ገብረጻድቅ ጉባኤውን ሊዘጋ እጁን አነሣ። የሚቀረው ከዘወትር ሥርዓቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልማድ ሆኖበት ከአፉ አመለጠው።

«እንግዲህ እመት ሸዋወርቅ፣ ሹመቱ እንዴት ነው?»

ባየው ዓይኑን ጨፈነ። ሸዋወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አግዳሚው ላይ ደኅና አድርጋ ተደላደለች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ከበደኝ» አለች በአማርኛ። «በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ የማኅደረማርያም ለቅሶ ዕለት እንጀምር። ዝናብ ነበር። ድንኳኑን ያመጡልኝ ሰዎች እዚህ አሉ፤ ስማቸውን ቆይቼ እጠራለሁ።»

እሱባለው አዲስ ገጽ ገለጠ። ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አስናቀች ትንሽ ሰማች፤ ገና ዘጠና ሰባት ላይ ሲደረስ ላሚቱ ጮኸች።

«አንድ ሸክም እንጨት ጻፍብኝ» አለችው እሱባለውን፤ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። የቀሩት በሩን እያዩ፣ በየቤታቸው ያለውን እንጨት በሐሳባቸው መመዘን ጀመሩ።